ወስፌው የገባበት ቱቦ

(ይህ ጽሑፍ ሱሉልታ ባለው ትንሽ ወርክሾፓችን ለተሰበሰቡ ወጣት በያጆችና የቴክኒክ ሠልጣኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ትንሽ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ።)

እንኳን ደህና መጣችሁ። እንጦጦን ተሻግራችሁ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሻይ ያልደረሳችሁ ከወዲያ ጥግ አለ። የመጨረሻው ሰው በሩን ዝጋልኝ። የበሩን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከብየዳ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ነው።

ይሄ መሐል ላይ የምታዩት አውሮፕላን ነው። ቅድም አንዱ ልጅ ሲገባ «ጋሼ፣ ይሄ የድንኳን ብረት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም በጣም ትክክል አይቷል። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን አሠራሩ እንደ ድንኳን ነው። አጽሙ የብረት ቱቦ፣ ልብሱ ጨርቅ። ጨርቁ ይወጠራል፣ ቀለም ይቀባል፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ይጠብቃል። ሸክሙን የሚሸከመው ግን ብረቱ ነው። ሞተሩ፣ ክንፉ፣ እግሩ፣ የአብራሪው ወንበር፣ ሁሉም የሚታሰረው እነዚህ ቱቦዎች ላይ ነው።

ይሄኛው ፓይፐር ሱፐር ከብ ይባላል። ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ሆኖ የሚቀመጥበት ትንሽ አውሮፕላን ነው። መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከሱ በፊት የነበረው ታላቅ ወንድሙ፣ ቢጫው ከብ፣ ወደ 20,000 የሚጠጋ ተሠርቷል። ይሄ የኛው ለብዙ ዓመታት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ክንፉ የለም፣ ሞተሩ የለም። የቀረው አጽሙ ብቻ ነው። ባለቤቱ ልጆች እንዲያዩት ማሳያ ላይ ሊያቆመው ይፈልጋል። እንዲበር አይደለም። እንዲበር ቢሆን ሌላ ወረቀትና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ለባለቤቱ የነገርኩት አንድ ነገር አለ። «ባይበርም እንደሚበር አድርጌ ነው የምጠግነው» አልኩት። ተስማማ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬ ከማወራው ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ታሪክ። አጭር ነው፤ በያጅ የሆነ ሰው ደግሞ ሊያውቀው ይገባል።

አውሮፕላን ሲጀመር አጽሙ እንጨት ነበር። ቱቦ በይዶ አጽም መሥራትን በሰፊው ያስለመደው የፎከር ፋብሪካ ነው። እዚያ ራይንሆልድ ፕላትስ የሚባል ሰው ነበር። መሐንዲስ ሆኖ አልተቀጠረም። የጋዝ በያጅ ሆኖ ነው የተቀጠረው። አሴቲሊን የሚባለውን የብየዳ ጋዝ ይዞ የገባ ሰው የፋብሪካው ትልቅ ባለሙያ እስከመሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው ፎከር ዲ 7 የሚባለው ተዋጊ አጽሙ የተበየደ ቱቦ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ጀርመን አውሮፕላኖቿን እንድታስረክብ ስትገደድ፣ በውሉ ላይ ስሙ ተለይቶ የተጻፈው ይሄው አውሮፕላን ነው። እናንተ በር፣ መስኮትና አልጋ ስትበይዱ የምትይዙት እሳት እንዲህ ያለ ቦታ የደረሰ እሳት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ዋልተር ሚተልሆልዘር የሚባል የስዊስ አብራሪ ለንጉሠ ነገሥቱ ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አውሮፕላን አብርሮ አዲስ አበባ አድርሷል። የዚያ አውሮፕላን ክንፉ እንጨት፣ አካሉ ግን እንዲሁ በጨርቅ የተሸፈነ የተበየደ ቱቦ ነው። ከጣልያን ጦርነት በፊት የአየር ኃይላችን አዛዥ የነበረውና ከድል በኋላ ተመልሶ ወጣቶቻችንን ያስተማረው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፣ መጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕይወቱ ያለፈበት አደጋ የደረሰው በስቲንሰን ኤል 5 ነው። ስቲንሰንም የቱቦ አጽም ያለው አውሮፕላን ነው። ሮቢንሰን ጉለሌ ነው የተቀበረው። በዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ አስበዋለሁ።

በኔ ዕድሜ ያለ መካኒክ ደግሞ «እሸት»ን አይረሳም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከአሜሪካ በተገኘ ፈቃድ፣ አግ ካት የሚባለውን የእርሻ አውሮፕላን ይገጣጥም ነበር። እሸት ተባለ። ማሳ ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭ ነው። የሱም አጽም የተበየደ ቱቦ ነው፤ ጎኑ ግን በጨርቅ ፈንታ ተፈትቶ በሚወልቅ ላሜራ ይሸፈናል። ለምን የሚወልቅ ሆነ? መድኃኒቱ ብረት ይበላል። ላሜራውን አውልቀህ አጽሙን በውኃ ታጥበዋለህ። ያንን የነደፈ ሰው ብረት የሚታመመው ዓይን በማያየው ቦታ መሆኑን አውቆ ነው የሠራው።

ፀሐይንም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1928 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ አገር ተሠርታ፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ፣ ጣልያን ወስዷት፣ ጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው አውሮፕላን። ወደ ዘጠና ዓመት ነው። እሷ እስከዛሬ የቆየችው ሰው ስለጠበቃት ነው። ብረትም እንጨትም ብቻውን ዘጠና ዓመት አይቆይም።

አሁን ወደ ሥራችን።

ቀረብ በሉ። እነዚህን አራት ረጃጅም ቱቦዎች እዩ። ከአፍንጫው ተነሥተው ጅራቱ ላይ ይገናኛሉ። ሎንጀሮን ይባላሉ። ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። በመሐላቸው አግዳሚና ሰያፍ ቱቦዎች አሉ፤ ሁሉም ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሦስት ማዕዘን ስትገፉት አይጣመምም። ለዚህ ነው አጽሙን ባዶውን ሦስት ሰው ሆናችሁ ያለ ችግር የምታነሡት። ግን ሞተርና ሰው ተሸክሞ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ይችላል።

የቱቦው ግድግዳ ስንት ይመስላችኋል? አብዛኛው ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም። ለበር ከምትጠቀሙበት ቱቦላሬ ብዙም አይወፍርም። ጥንካሬው ከውፍረቱ አይደለም። የዚህ ዓይነት አጽም በብዛት የሚሠራበት 4130 የሚባል ብረት ነው፤ ክሮሞሊ ይሉታል። ወደ 0.30 በመቶ ካርቦን፣ ወደ 1 በመቶ ክሮሚየም፣ ወደ 0.2 በመቶ ሞሊብዲነም አለው። ምናለሽ ተራ ሁሉም ነገር ይገኛል እንላለን። እውነትም ብዙ ነገር አግኝቼበታለሁ። ይሄን ግን በዓይን መርጦ መግዛት አይቻልም። የአውሮፕላን ቱቦ ደረጃው በአካሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታትሞ፣ ከነወረቀቱ ነው የሚመጣው። «ይመስላል» ተብሎ ቱቦ አይቀየርም።

እና ይሄ ቱቦ በምን ይታመማል? በውኃ ነው። ይሄ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ዝቅ ይላል፤ ከኋላ ያለችው ጎማ ትንሽ ናት። ስለዚህ ዝናብም፣ ጤዛም፣ ከጨርቁ ውስጥ የሚጤሰው እርጥበትም ወደ ጅራቱ ይወርዳል። ጨርቁ ታች ላይ ውኃ ማፍሰሻ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ጭቃ ሲደፍናቸው ውኃው የታችኞቹን ሎንጀሮኖች አቅፎ ይቀመጣል። አይጥ ደግሞ ጨርቁ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች። የአይጥ ሽንት ከዝናብ የባሰ ብረት ይበላል። ይሄ የኛው ጅራቱ አካባቢ ጨርቁን ስንገፈው ሁለት እፍኝ ገለባና የተቆራረጠ ጨርቅ አውጥተናል። የሱሉልታን ክረምት እናንተ ታውቁታላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ እንኳ አይደርቅም።

የባሰው ዝገት ግን ከውስጥ የሚነሣው ነው። ቱቦው ክፍት ከሆነ፣ አንድ የተረሳ የብሎን ቀዳዳ ካለ፣ እርጥበት ይገባል። ሌሊት ብረቱ ይበርዳል፣ ጠል ከውስጥ ይሠራል፣ ታች ይጠራቀማል። ከላይ ቀለሙ እንደ አዲስ ያበራል። ከውስጥ ቱቦው ወረቀት ሆኗል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሆኜ በአንድ የጥገና ቦታ ስሠራ የአንድ አሮጌ አውሮፕላን አጽም እንዳጸዳ ተሰጠኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ አንቲረስት ቀባሁት፣ ላዩን አሳመርኩት። ከታች፣ የጅራት ጎማው ከሚታሰርበት አካባቢ፣ ትንሽ ሸካራ ነገር ነበረ። በጣቴ ነክቼዋለሁ። አውቀዋለሁ። ቀለሙ ይሸፍነዋል ብዬ አለፍኩት። ሥራውም አስቸኳይ ነበር። ማታ አለቃዬ መጡ። ምንም አላሉኝም። ከኪሳቸው ወስፌ አወጡ፤ እናቶቻችን ሰፌድ የሚሰፉበት ዓይነት ወስፌ። እዚያው ሸካራው ቦታ ላይ አስጠግተው በአውራ ጣታቸው ገፉት። ገባ። እንደ ዳቦ ነው የገባው። «እዚህ ላይ ሰው ይቀመጣል» አሉኝ፤ ወስፌውን እዚያው እንደተሰካ ትተው ሄዱ።

ያንን ሌሊት አልተኛሁም። በማግሥቱ ቀለሙን በሙሉ ገፈፍኩት። ስድስት ቦታ ቱቦው የሳሳ ነበር። ከስድስቱ ዛሬ የማስታውሰው ግን የመጀመሪያውን ነው፤ ጣቴ ነክቶት እያወቅሁ ያለፍኩትን።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ብየዳ ከማውራቴ በፊት ስለ ማየት የማወራው። ብየዳ ይለመዳል። እጃችሁ በስድስት ወር ይለምዳል። ማየት ነው የሚከብደው። ያያችሁትን አለመሸፈን ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል።

እንዴት እንደምናይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀለሙ በሙሉ ይወልቃል። በአሸዋ ርጭት እናጸዳዋለን፤ ደቃቅ አሸዋ፣ በቀስታ፣ ምክንያቱም ቱቦው ስስ ነው። ጭምብል ሳታደርጉ እንዳትሞክሩት፤ የአሸዋ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ቱቦውን ከፊት እስከ ኋላ እየነካካን እናዳምጣለን። እናታችሁ ገበያ ላይ ጀበና ስትገዛ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ታዳምጥ የለ? ጤነኛው ጀበና ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ቱቦም እንደዚያው ነው። ድምፁ የታፈነበትን ቦታ በጠመኔ እናከብባለን። ከዚያ ወስፌ። ጉድጉድ ያለ ዝገት ባለበት ሁሉ፣ በተለይ ከታችኞቹ ሎንጀሮኖች ሥርና ከመገጣጠሚያዎች አጠገብ። ገንዘብ ያለው ውፍረት በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ይጠቀማል። እኛ አንዱን ለሁለት ቀን ተውሰን ለክተናል። መሣሪያው ያሳየን ነገር አብዛኛው ወስፌው አስቀድሞ የነገረን ነው።

በዚህ አጽም ላይ በመዶሻና በወስፌ ያገኘናቸው ሰባት ቦታዎች በጠመኔ ተከብበው ታያላችሁ። አምስቱ ከጅራት ወገን ነው።

አሁን ጥገናው። እዚህ ላይ የበር ሠሪ ልማዳችሁን ትንሽ እንድትተዉ እለምናችኋለሁ። በር ላይ ቀዳዳ ካገኛችሁ ቁራጭ ላሜራ ትለጥፋላችሁ፣ በግራይንደር ታስተካክላላችሁ፣ በስቱኮ ትሞላላችሁ። በሩ ያምራል። አውሮፕላን ላይ የብየዳውን ጉብታ በግራይንደርም በሞረድም ማስተካከል ክልክል ነው። ጉብታው ጥንካሬው ነው። ጠፍጣፋ ስታደርጉት አካባቢውን ታሳሱታላችሁ፤ ስንጥቅም ይደበቅበታል። የብየዳው አሣ ቅርፊት መሰል መስመር ይታይ። የሚያየው መርማሪ ሊያነብበው ይገባል። ደግሞ ድሮ በነሐስ የተበየደ መገጣጠሚያ ካገኛችሁ በላዩ ላይ ብረት አትበይዱ። ነሐሱ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ይሰነጥቀዋል። ያ ቦታ ተቆርጦ ነው የሚወጣው።

የሳሳውን ቱቦ እንዲህ እንቀጥላለን። የበሰበሰውን ክፍል እንቆርጣለን፤ ግን ቀጥ ብለን ሳይሆን በሰያፍ፣ በ30 ዲግሪ። ለምን ሰያፍ? ቀጥ ያለ ብየዳ ቱቦውን በአንድ ቀለበት ላይ ያደክመዋል። ሰያፍ ሲሆን ሸክሙ ረጅም መስመር ላይ ይበተናል። ከዚያ በልኩ የተመረጠ ትንሽ ቱቦ ከውስጥ እንደ ሹራብ እጅጌ ይገባል። የውጩ ሁለት ጫፎች በመሐላቸው 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋሉ፤ የቀለጠው ብረት ከውስጠኛው ጋር እንዲያያዝ። ጎን ለጎን ደግሞ በውጩ ቱቦ ላይ ክብ ቀዳዳ ተበስቶ በብየዳ ይሞላል፤ ያ ውስጡን ከውጩ ጋር ይጨብጠዋል። ቅጥያው በቱቦው መሐለኛ ሲሶ ላይ አይደረግም፤ እዚያ ነው ቱቦው ሲታጠፍ ብዙ የሚሠቃየው። በሁለት መገጣጠሚያዎች መሐል ደግሞ ከአንድ በላይ ቅጥያ አይፈቀድም።

አንድ ጊዜ አንድ ቱቦ ብቻ። ይሄን በትልቁ ያዙልኝ። ሁለት ሎንጀሮን በአንድ ጊዜ ከቆረጣችሁ አጽሙ ማን እንደነበር ይረሳል። ስለዚህ ከመቁረጣችን በፊት አጽሙን ከወፍራም ብረት በሠራነው ማሰሪያ ላይ እናስረዋለን፤ እዚያ የምታዩት ነው። ከዚያ ሰያፉን እንለካለን። ቤት ሲሠራ መሠረት ሲጣል አናጢው ከማዕዘን ማዕዘን ገመድ ስቦ ይለካ የለ? ሁለቱ እኩል ከሆኑ ካሬው እውነተኛ ነው። እኛም ከብየዳ በፊት እንለካለን፣ ከብየዳ በኋላ እንለካለን። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ የተበየደው ወገን ጅራቱን ወደራሱ ይስበዋል። አንዱን ጎን ትንሽ በይደን፣ ወደ ሌላው ጎን እንዞራለን። ታጋሽ መሆን ነው።

እሳቱን በተመለከተ፣ አርጎን ብየዳ ያለው ይጠቀም፤ ንጹሕና ጠባብ ሙቀት ይሰጣል። እኔ ግን እነዚህን አጽሞች በተወለዱበት እሳት፣ በኦክሲጅንና አሴቲሊን መበየድ እወዳለሁ። እሳቱ ሰፊ ስለሆነ አካባቢውን ቀስ ብሎ ያሞቃል፣ ቀስ ብሎም ያበርደዋል። ነበልባሉን ኒውትራል አድርጉ፣ ሁለቱ ጋዞች የተመጣጠኑበት ማለት ነው፤ ውስጠኛው ሾጣጣ ጥርት ብሎ ይታይ። ኦክሲጅኑ ሲበዛ ብረቱ ይቃጠላል፣ ብልጭታ ይረጫል። አሴቲሊኑ ሲበዛ ካርቦን ይገባበታል፣ ይደርቃል። እሳቱ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ቱቦው ግን ከ1,400 ዲግሪ ትንሽ እልፍ ሲል ይቀልጣል። ግድግዳው 1 ሚሊሜትር ሲሆን ስሕተት የምትሠሩበት ጊዜ አንድ ሰከንድ ነው።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። ክሮሞሊ ከብየዳ በኋላ በድንገት ከበረደ ይደርቃል፤ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ሱሉልታ ደግሞ ነፋሷን ታውቃላችሁ። ያ በር ክፍት ሆኖ መበየድ ትኩስ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እንደማፍሰስ ነው። በውኃ ማቀዝቀዝማ ፈጽሞ አይታሰብም። ስንበይድ በሩ ይዘጋል፤ ጋዙ እንዳይታፈን ላይኛዋ መስኮት ብቻ ትከፈታለች። ስንጨርስ እሳቱን ቶሎ አንነቅልም፤ እያራቅን፣ እያራቅን።

ሌላ አንድ ነገር፣ ብዙ በያጅ የሚቸገርበት። ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ስትበይዱ የመጨረሻዋን ቀዳዳ ለመዝጋት ስትሉ ውስጡ ያለው የሞቀ አየር ይገፋችኋል። የቀለጠውን ብረት ወደ ውጭ ይተፋዋል። በያጁ የገዛ እጁን ይጠረጥራል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም። አስቀድማችሁ ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ብሱ።

ያቺ ቀዳዳ ሌላም ሥራ አላት፤ እኔ በጣም የምወደውን። በሷ በኩል ቱቦው ውስጥ የሞቀ የተልባ ዘይት እናስገባለን። አዎ፣ ተልባ። እናንተ በጾም የምትጠጡት፣ በእንጀራ የምትበሉት ተልባ። ዘይቱ ሲደርቅ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ብረቱ ላይ ይቀራል። የውጭ አገር የጥገና መመሪያዎች ከድሮ ጀምሮ የሚያዙት ነው። ዘይቱን ሞልተን አጽሙን እናገላብጠዋለን፤ ጅራቱን ወደ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ፣ በጎኑ። ከዚያ ትርፉን አፍስሰን ቀዳዳውን ጥብቅ አድርገን እንዘጋለን። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሎንጀሮን ሞልተን ስናገላብጥ ከመገጣጠሚያ አጠገብ አንዲት ጠብታ ወጣች። ወስፌውም መዶሻውም ያላገኛት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ነበረች። የተልባ ዘይት አገኛት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ አለቀሰ» አለኝ። ስምንተኛውን ቦታ በጠመኔ አከበብነው። ያ ቦታ ከውስጡ ዘይት ካልጸዳ አይበየድም፤ ስለዚህ የሦስት ቀን ሥራ ተጨመረብን። ይጨመርብን።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። አጽሙ ተጠርጎ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር የሚባል ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቀለም ይቀባል፤ የጸዳ ብረት አንድ ሌሊት እንኳ በዚህ እርጥበት ራቁቱን ማደር የለበትም። ከዚያ ጨርቁ ይመጣል። የጨርቁ ነገር የራሱ ቀን ይፈልጋል።

ባለቤቱ አንድ ጊዜ መጥቶ ስምንቱን ክቦች አይቶ «ለማሳያ ከሆነ ይሄን ሁሉ ምን አደከመህ?» ብሎኛል። በቅንነት ነው የጠየቀኝ። ልጆች መጥተው ወንበሩ ላይ ይቀመጡበታል አልኩት። ይዘላሉ። እጃቸውን እዚህ ቱቦ ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ልጅ በሃያ ዓመቱ መካኒክ ይሆናል፤ ያን ቀን ያየው ብየዳ ምን እንደሚመስል ያስታውሳል። እሱም ዝም ብሎ ወስፌውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ራሱ ጅራቱን ሞከረው። አልገባም። አራተኛው ቦታ ነበር፤ የዚያን ሳምንት የቀጠልነው።

ከስምንቱ አራቱ ይቀሩናል። ሰኔ ሳይገባ ፕራይመር መቀባት አለብን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ። መሞከር የሚፈልግ ይምጣ፤ መጀመሪያ በቁራጭ ቱቦ ላይ አሠራችኋለሁ። የብየዳ መነጽራችሁን ያዙ፣ ወፍራም ልብስም ልበሱ። አሁን ሻያችሁን አስቀምጡና መዶሻዋን ተቀባበሉ፤ ከአፍንጫው ጀምራችሁ እየነካካችሁ ሂዱ። ድምፁ የሚለወጥበት ስትደርሱ ጥሩኝ።